ቀዶ ጥገናው ደረቴን ያስተካክለዋል፣ እፍረቴንስ?

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው። ከ14 ዓመቴ ጀምሮ ጡቶቼ እንዳበጡ ናቸው። ጂም ገብቼ ብዙ ኪሎ ቀነስኩ፤ ሆዴ ጠፋ፣ ደረቴ ግን እንዳለ ነው። በሙቀትም ቢሆን ከሸሚዝ ሥር ሁለት ካናቴራ እደርባለሁ። ሰው ፊት ልብሴን አውልቄ አላውቅም። አሁን ለማግባት እያሰብኩ ነው፤ እጮኛዬ ግን ስለዚህ ምንም አታውቅም። ቀዶ ጥገና ያደረጉ ወንዶች ምን ይላሉ? ደረቴ ከተስተካከለ እፍረቱም አብሮ ይሄዳል ወይስ ገንዘቤን አጥፍቼ ያው ነኝ? ደግሞስ ወንድ ልጅ ለመልኩ ብሎ ኦፕራሲዮን ያደርጋል እንዴ? ለእሷስ ልንገራት?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ከጥያቄህ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው የደረብካቸው ሁለት ካናቴራዎች ናቸው። የቀዶ ጥገና ሐኪም ነኝ፤ ለዚህ ጉዳይ ወደ እኔ የሚመጡ ወንዶች አብዛኞቹ እንዲሁ ደርበው ነው የሚመጡት። ጃኬታቸውን የማያወልቁ አሉ። ትከሻቸውን ወደ ፊት ሰብስበው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው የሚቀመጡ አሉ። የመጡበትን ነገር አፍ አውጥቶ መናገር ራሱ ይከብዳቸዋል። አንተ ግን በግልጽ ጽፈኸዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቁርጡን ልንገርህ። ቀዶ ጥገናው በአግባቡ ከተሠራ ደረትህን በደንብ ያስተካክለዋል። ያደረጉት ወንዶች አብዛኞቹ በውጤቱ ይደሰታሉ፤ «ምነው ቀደም ብዬ ባደረግኩት» የሚለውን ደጋግሜ እሰማለሁ። እፍረቱ ግን ከእጢው ጋር ተቆርጦ አይወጣም። ዘግይቶ ነው የሚሄደው፣ የራሱን ሥራም ይፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሚመጡት ከባድ ሳምንታት ተስፋ አይቆርጥም።

ያለብህ ነገር የሕክምና ስሙ ጋይኔኮማስቲያ ነው። ማንኛውም ወንድ ከጡቱ ጫፍ ሥር ጥቂት የጡት እጢ አለው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይህን እጢ ያሳድገዋል፣ ቴስቶስትሮን ይገታዋል። ሁለቱም ሆርሞኖች በወንድም በሴትም ሰውነት ውስጥ አሉ። ሚዛኑ ወደ ኢስትሮጅን ሲያጋድል እጢው ያድጋል። ይህ በተፈጥሮም የሚያጋጥም ነው፦ ገና በተወለዱ ሕፃናት፣ በጉርምስና፣ ከዚያም ዕድሜ ሲገፋ። በጉርምስና ጊዜ ከወንዶች ልጆች ግማሽ ያህሉ ላይ ትንሽም ቢሆን ይታያል። አብዛኞቹ ላይ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይጠፋል። አንተ ላይ ቀረ። አንድ ዓመት ገደማ ካለፈው በኋላ እጢው ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራና ጠባሳ መሰል ሥጋ ይለወጣል። ያ ሥጋ በስፖርት አይቀልጥም፣ በምግብ ቁጥጥር አይቀንስም።

ስለዚህ ጂም ውስጥ የለፋኸው ልፋት ከንቱ አልነበረም፣ ስንፍናም አልነበረብህም። ስቡን አጥፍተሃል። የቀረው እጢው ነው። እንዲያውም ሰው ሲከሳ እጢው ይበልጥ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ፑሽአፕ ማብዛትም ከሥሩ ያለውን ጡንቻ አሳድጎ እጢውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ራስህ መሞከር ትችላለህ። በጀርባህ ተኛና በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ከጡት ጫፉ ግራና ቀኝ ይዘህ ጣቶችህን ወደ መሃል አቀራርባቸው። በመሃል እንደ ላጲስ ጠንከር ያለ ክብ ነገር ካገኘህ እጢ ነው። ጣቶችህ ምንም ሳያግዳቸው ከተገናኙ ግን ስብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ላይ ሁለቱም አሉ። የመጨረሻውን የሚወስነው በእጁ ዳስሶ የሚያይህ ሐኪም ነው፤ ካስፈለገም አልትራሳውንድ ያዛል።

ቢላ ከመነሳቱ በፊት ግን መልስ የሚያስፈልጋቸው ጥያቄዎች አሉ። የምትወስደው መድኃኒት አለ? ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን፣ ለፀጉር መሳሳት የሚወሰደው ፊናስተራይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ሪስፐሪዶን፣ ለፈንገስ የሚሰጠው ኬቶኮናዞል የወንድ ጡት ሊያሳድጉ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱን የምትወስድ ከሆነ በራስህ አታቋርጥ፣ ያዘዘልህን ሐኪም ጠይቀው። ብዙ አልኮል ትጠጣለህ? ጉበት ሲጎዳ የሆርሞን ሚዛን ይዛባል። የኩላሊትና የታይሮይድ ችግርም እንዲሁ።

ጂም ስለምትሠራ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልጠይቅህ። ጡንቻ ማሳደጊያ መርፌ ወይም ክኒን ወስደህ ታውቃለህ? ከውጭ የሚገባው ትርፍ ቴስቶስትሮን ሰውነት ውስጥ በከፊል ወደ ኢስትሮጅን ይለወጣል። መውሰዱን ስታቆም ደግሞ የራስህ ምርት ተዳክሞ ይቆያል። በሁለቱም ጊዜ ጡት ሊያድግ ይችላል። ተሠርተው እንደገና መርፌውን የጀመሩና ችግሩ የተመለሰባቸው ወንዶች አሉ። ወስደህ ከሆነ ለሐኪምህ ንገረው። ሊቆጣህ አይደለም የሚጠይቅህ። ሳያውቅ ቢሠራህ ተጎጂው አንተ ነህ።

ጥሩ ሐኪም የዘር ፍሬህንም ይመረምራል። አትደንግጥ። አልፎ አልፎ ሆርሞን የሚያመነጭ እባጭ (ቲዩመር) እዚያ ስለሚገኝ ነው። ክላይንፌልተር የሚባለው፣ ወንድ ልጅ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞዞም ይዞ የሚወለድበት ሁኔታም በዚሁ ምርመራ ነው የሚጠረጠረው። እንደ አንተ በጉርምስና ጀምሮ ለዓመታት ሳይለወጥ የቆየ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ምንም ሌላ በሽታ አይገኝም። ቢሆንም ሳያጣራ ደረትህን ብቻ አይቶ ቀጠሮ የሚሰጥህን ሰው አልመክርህም።

ሌላ ቦታ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ካለ ደግሞ ይህን ይስማ። እብጠቱ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ከጡት ጫፍ ፈንጠር ብሎ ከተገኘና ድንጋይ የመሰለ ከሆነ፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከጡት ጫፍ ደም ከወጣ ወይም ብብት ሥር እብጠት ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ይሂድ። ከጡት ካንሰር ሕሙማን ከመቶ አንዱ ያህል ወንድ ነው። ብዙ ወንዶች ዘግይተው የሚመጡት «የሴት በሽታ ነው» ብለው ስለሚያስቡ ነው።

ክኒንስ አያድንም ወይ ብትለኝ፣ ታሞክሲፈን የሚባል መድኃኒት ገና በጀመረና በሚያም እብጠት ላይ አንዳንዴ ይረዳል። ከ13 ዓመት በኋላ ግን ከእሱ ብዙ አትጠብቅ። ቅባትና ሻይ የሚሸጡልህን እርሳቸው።

«ወንድ ልጅ ለመልኩ ብሎ» ያልከው ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ሐሳብ ብዙ ሰው ለዓመታት አስሮ ያስቀምጣል። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጳውሎስ ዘአጊና የሚባል የግሪክ ሐኪም የወንድ ጡት እንዴት በቀዶ ጥገና እንደሚነሳ ጽፏል። ማድረጊያውንም ምክንያት አስቀምጧል፦ ወንዱን እንደ ሴት አስቆጥሮ ስለሚያሳፍረው። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን እንኳ ሰዎች ይህን እፍረት ሕክምና የሚገባው ሥቃይ አድርገው ቆጥረውታል ማለት ነው። አንተ መቆነጃጀት አልፈለግህም። ሙቀት ውስጥ አንድ ካናቴራ ብቻ ለብሰህ መዋል ነው የፈለግኸው። በዚህ ማንም ሊያሳፍርህ አይገባም።

ወደ ኦፕራሲዮኑ ልምጣ። ሐኪሙ በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ ታችኛ ጠርዝ ላይ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል። ጠባሳው በጠቆረውና በፈካው ቆዳ ድንበር ላይ ስለሚያርፍ ብዙም አይታይም። እጢውን በዚያ በኩል ቆርጦ ያወጣል። ዙሪያውን ያለውን ስብ በቀጭን ቱቦ ይመጥጠዋል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ አብዛኛው ሰውም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ጎበዝ ሐኪም ከጡት ጫፉ ሥር ስስ ሽፋን ሆን ብሎ ይተዋል። ሁሉንም ጠርጎ ካወጣው የጡት ጫፉ ወደ ውስጥ ይጎደጉድና ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል። ብዙ ኪሎ ቀንሰህ ቆዳህ ከላላ የተረፈውን ቆዳ መቁረጥም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያኔ ጠባሳው ይረዝማል። ቁስልህ ሲድን ከፍ ብሎ የሚያብጥና የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ኪሎይድ ይባላል፣ አስቀድመህ ተናገር። የምታጨስ ከሆነ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት አቁም። ኒኮቲን ለጡት ጫፉ የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል። የወጣው እጢ ደግሞ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ መታየት አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ደረትህ የታሰረ ያህል ይሰማሃል። ሕመሙ በማስታገሻ ክኒን የሚቻል ነው። በመጀመሪያው ቀን አንደኛው ወገን በድንገት ካበጠ፣ ከጠነከረና ሕመሙ ከባሰ ግን ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። «እስኪነጋ ልታገስ» አትበል፣ ወዲያው ደውል። ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ደረትን አጥብቆ የሚይዝ ልዩ ቬስት ቀንም ሌሊትም ትለብሳለህ። ይሞቃል፣ ያሳክካል፣ ይሰለቻል። ተቀምጠህ የምትሠራው ሥራ ከሆነ በሳምንት ገደማ ትመለሳለህ። ክብደት ማንሳት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠብቃል።

ከዚያ ማንም በደንብ የማይነግርህ ጊዜ ይመጣል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ላይ መስታወት ፊት ትቆምና ልብህ ይሰበራል። ደረትህ አብጧል፣ ወይቧል፣ ከጡት ጫፉ ሥር ጠጠር ያለ ነገር ይዳሰሳል። ግራው ከቀኙ ይበልጣል። የጡት ጫፉ ደንዝዟል። «ዶክተር፣ ተመልሷል!» የሚል መልእክት የሚደርሰኝ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰሞን ነው። አልተመለሰም። የሚዳሰሰው እብጠትና እየዳነ ያለ ቁስል ነው። ዋናው ቅርፅ የሚወጣው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ጠባሳው እስኪደበዝዝ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። የመደንዘዙ ስሜት አብዛኞቹ ላይ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ጥቂቶች ላይ በከፊል ሊቀር ስለሚችል ይህን አውቀህ ግባ። ፍጹም እኩል የሆነ ደረትም አትጠብቅ። ተሠርቶ የማያውቅ ወንድም ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። በእነዚህ ሳምንታት ራስህን በየሰዓቱ ከማየት በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ፎቶ ብታነሳ ይሻላል። ለውጡን የምታየው ያኔ ነው።

ወንዶች ከዚያ በኋላ የሚነግሩኝ ደስታ እኔ ከምጠብቀው የተለየ ነው። ስለ መስታወት ብዙ አያወሩም። ደረጃ ሲወርዱ ደረታቸው እንዳልተንቀጠቀጠ ይነግሩኛል። ነፋስ ሸሚዛቸውን ከሰውነታቸው ጋር ሲያጣብቀው እጃቸውን እንዳላጣመሩ ይነግሩኛል። ሰው ሲያቅፋቸው ወደ ኋላ እንዳላሉ። የመኪና ቀበቶ ደረታቸው መሃል ሲያልፍ ሸሚዛቸውን ጎተት እንዳላደረጉ። አንድ ወጣት ልጁን ትከሻው ላይ አስተኝቶ መያዝ መጀመሩን እያለቀሰ ነግሮኛል። ከዚያ በፊት ሕፃኑ ደረቱን ሲነካው ይሸማቀቅ ነበር።

ግን እንዲህ ያለው በአንድ ጀምበር አይመጣም። ለ13 ዓመት ሸሚዝ ሲጎትት የኖረ እጅ እጢው ከወጣ በኋላም ይጎትታል። ትከሻህ ወደ ፊት መታጠፍን ለምዷል፤ የደረት ጡንቻህ አጥሯል፣ የጀርባህ ደክሟል። ይህ የሰውነት ልማድ ስለሆነ በሰውነት ነው የሚፈታው። ሐኪምህ ከፈቀደልህ በኋላ የጀርባ ጡንቻ የሚያጠነክሩ፣ ወደ ራስህ የምትስባቸውን እንቅስቃሴዎች ሥራ። ደረትህን ማሳሳብን አትርሳ። ደረትህን ነፍተህ መሄድ በመጀመሪያ የሌላ ሰው አካሄድ የተዋስክ ያህል ይሰማሃል። ቀጥልበት።

ልብሱንም ደረጃ በደረጃ ቀንስ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ አንድ ካናቴራ ብቻ። ሲቀልልህ በዚያው ካናቴራ ውጣ። ቀጥሎ ልክህ የሆነ ቲሸርት ለብሰህ የምታምነው ጓደኛህ ጋ ሂድ። ከዚያ ጃኬትህን ሥራ ቦታ አውልቅ። መዋኘት የመጨረሻው ይሁን፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ልብህ ይመታል። ሳትሸሽ ከቆየህ ግን ይረጋጋል። ሸሽተህ ከወጣህ ፍርሃቱ እንደ ነበረ ይቀጥላል። አንዳንዱ ከተሠራ በኋላም ለወራት ሁለት ካናቴራ ሲለብስ ያየሁት ይህን መለማመጃ ስለዘለለው ነው።

ከዚህ የጠለቀ ነገርም አለ። ትምህርት ቤት ያወጡልህ ቅጽል ስም፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ የሳቁብህ ልጆች። ያንን ቁስል እኔ በቢላ አልደርስበትም። አሁንም የሚያንገበግብህ ከሆነ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ጥቂት ጊዜ መቀመጥ ከኦፕራሲዮኑ በፊትም በኋላም ይጠቅማል። ሰው የማያየው ትንሽ ጉድለት ቀኑን ሙሉ የሚያስጨንቃቸው፣ በየሰዓቱ የሚፈትሹት ሰዎችም አሉ። እነሱ ላይ ቀዶ ጥገና ብዙ ጊዜ ጭንቀቱን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ያዛውረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ወደ አእምሮ ሐኪም እልከዋለሁ።

ምንም አደገኛ ነገር እንደሌለ ከተረጋገጠላቸው በኋላ «በቃ፣ አልሠራም» ብለው እፎይ ብለው የሚሄዱም አሉ። ይህም ሙሉ መልስ ነው። መሠራት ግዴታ አይደለም።

የተጸጸቱትን ሳስብ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። እጢ እያላቸው ስብ ብቻ የተመጠጠላቸው አሉ፤ ጠንካራው ነገር እንዳለ ቀረ። ኪሎአቸው ሳይረጋ የቸኮሉ አሉ። በፎቶ ብቻ ተማርከው የገቡ አሉ። ስለዚህ ሐኪምህን በቀጥታ ጠይቀው። ይህን ኦፕራሲዮን አዘውትረህ ትሠራለህ? የእኔ እጢ ነው ስብ? ጡቴ ጫፍ ሥር ምን ያህል ትተዋለህ? ደም ቢጠራቀም ሌሊት ማንን እደውላለሁ? ማስተካከያ ቢያስፈልግ ምን ይሆናል? ማስተካከያ የሚታሰበው ቢያንስ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ነው። በጥያቄ ከተቆጣ ሌላ ሐኪም ፈልግ።

አሁን ስለ እጮኛህ። አስቀድሜ አንድ ፍርሃት ላውርድልህ። ቀዶ ጥገናው የወሲብ አቅምህን አይነካም፣ ልጅ መውለድህን አይነካም፣ ቴስቶስትሮንህን አይቀንስም።

ለእሷ ንገራት ነው የምልህ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት። ለሳምንታት ቬስት ትለብሳለህ፣ ዕቃ አታነሳም፣ ሲያቅፉህ ያምሃል፤ መደበቁ ራሱ አዲስ ጭንቀት ይሆንብሃል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ደረቴ ላይ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ፣ ሕክምና እየጠየቅሁ ነው» ካልካት ይበቃል። ከዚህ በፊት ካየኋቸው ሚስቶችና እጮኞች ብዙዎቹ ነገሩን ቀድመው ያወቁ ነበሩ። ያስጨነቃቸው ደረቱ አልነበረም። የእሱ መሸሽ ነበር፤ «እኔን አይፈልገኝም» ብለው የተረጎሙት ሁሉ ነበሩ።

ቀኑን ደግሞ ከሠርጉ ጋር አታጣብቀው። ቢያንስ ስድስት ወር ይኑርህ፤ ያን ጊዜ እብጠቱም ይወርዳል፣ አንተም ከአዲሱ ደረትህ ጋር ትለማመዳለህ። የመጀመሪያውን ምክክር ግን አሁኑኑ ያዝ። ፈቃደኛ ከሆነች እሷም አብራህ ትምጣ። ታካሚው ተጨንቆ የማይሰማውን ነገር ብዙ ጊዜ አብሮት የመጣው ሰው ይሰማዋል። ጥያቄዎችህን ወረቀት ላይ ጻፋቸው፤ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶችና ጂም ውስጥ የምትጠቀማቸውን ማሟያዎች ዝርዝርም ከነማሸጊያቸው ይዘህ ሂድ።